ያልቆመው ኮምፕሬሰር

ኮምፕሬሰሩ አልቆመም። ታንጉት ለቡሬ መንገድ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻሿን እያሰረች ነበር። ማሽኑ ከግድግዳው ማዶ፣ ልጇ ደጀኔ የጓሮውን በረንዳ በቆርቆሮ ከልሎ ወርክሾፕ ባደረገው ክፍል ውስጥ ነው የተተከለው። ሦስት ዓመት አብሯት ስለኖረ ጠባዩን እንደ ላም ጠባይ ታውቀዋለች። ሲነሣ ያጓራል፤ የብርጭቆ ቁም ሣጥኗን ያንቀጠቅጣል፤ አራት ደቂቃ ያህል ጮኾ ታንከሩ በአየር ሲሞላ ቋ ብሎ በራሱ ይጠፋል። ዳግም የሚነሣው አንድ ሰው ቀለም ሲረጭ ወይም አቧራ ሲነፋ አየሩ የጎደለ እንደሆነ ብቻ ነው። ያን ጧት ግን ሥራ አልተጀመረም። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ማሽኑ አራት ደቂቃውን ጨረሰ፤ ሌላ አራት ደገመ፤ አሁንም ያጓራል። ከታንከሩ ሆድ ሥር፣ ውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ የሚፈስባት አንዲት ትንሽ ቧንቧ አለች። እሷ ክፍት ከሆነች አየሩ እየሾለከ ይወጣል፣ ታንከሩ አይሞላም፣ ሞተሩም አያርፍም። ደጀኔ ያችን ቧንቧ የሚከፍታት ሚስቱን ሲመታ ነው።

ታንጉት ይህን ካወቀች ሰባት ወር ሆኗታል። በኅዳር አንድ ቀን ማሽኑ ሳያቋርጥ ሲጮኽ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ልታይ ወጣች። በቆርቆሮው ስንጥቅ ስታይ ልጇ ሚስቱን ያምሮትን በጉልበቱ ግድግዳው ላይ ተጭኖ በጥፊ ያጣድፋታል። የቀለም መርጫው ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ታንጉት ድምፅ አላሰማችም፤ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የማሽኑ ጩኸት ሲረዝም ደጅ ወጥታ ጮክ ብላ ታስላለች። አንዳንድ ጊዜ ያቆማል፤ አንዳንድ ጊዜ አያቆምም። የባልና የሚስት ነገር ነው፣ አማት መካከል ገብታ ምን ልትፈይድ ትላለች ለራሷ። ጎረቤቱም ያው ነው። ከመንገዱ ማዶ እህል የሚሸጠው ባምላኩ ባገኛት ቁጥር ልጅዎ ሥራ በዝቶበታል መሰለኝ፣ ማሽኑ አያርፍም ይላትና ፊቱን ወደ ሚዛኑ ያዞራል።

የዚያን ቀን ጠብ መነሻው ራሱ ኮምፕሬሰሩ ነበር። አሮጌው ስለደከመ ታንጉት ማንኩሳ አጠገብ ያላትን ባሕር ዛፍ አስቆርጣ ሸጣ አዲስ ልትገዛላቸው ነው። በዋዜማው ማታ፣ የሆቴል በሮች ያዘዘ አንድ ደንበኛ መጥቶ ምን ዓይነት ልትገዙ ነው ብሎ ጠየቀ። ደጀኔ የሦስት መቶ ሊትሩን፣ ትልቁን አለ። ያምሮት በር እየወለወለች ነበር፤ ቀና ሳትል፣ ለእኛ ሥራ ታንከሩ ቢተልቅ ለውጥ የለውም፣ ዋናው አየሩ ደረቅ መሆኑ ነው፣ ውሃ ማጣሪያ ከሌለው ቀለሙ ፊቱ ላይ ብጉር ያወጣል አለች። እውነቷን ነው። ባሕር ዳር የመኪና ቀለም ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ደጀኔ ብረቱን ይበይዳል እንጂ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው ወደዚያ ቤት የሚመጣው የሷን እጅ ፈልጎ ነው። እሷ በቀባችው በር ላይ ሰው ፊቱን እያየ ጢሙን መላጨት ይችላል። ደንበኛው ሣቀና፣ ለካ አለቃይቱ እሷ ነች አለ። ደጀኔም አብሮ ሣቀ። ታንጉት ያን ሣቅ ታውቀዋለች።

አሁን ደጅ ወጥታ ሁለት ጊዜ አሳለች። ማሽኑ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ያምሮት ወጣች። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ ግራ ጆሮዋን አጥብቃ አስራዋለች፤ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ፣ ወለሉ ከሥሯ የሚሸሽ ይመስል ቀስ እያለች ነው የምትራመደው። ታንጉት ምን ሆንሽ ስትላት፣ አዞረኝ እማማ፣ ምንም አይደል ብላ አለፈች። ነጠላው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረች። ደጀኔ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተከትሎ መጣና በለዘበ ድምፅ ሻይ ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሦስቱም ተቀምጠው ዳቦና ሻይ ቀመሱ።  ታንጉት ከያምሮት በግራ በኩል እንደተቀመጠች፣ አንቺስ ልጄ፣ የትኛውን ግዙ ትያለሽ አለቻት። ያምሮት ቀና አላለችም። ደጀኔ በሷ ፈንታ፣ እሷ ምን ታውቃለች አለ። ታንጉት ያምሮት ያኮረፈች መሰላት።

ደጀኔ ለእናቱ ክፉ ልጅ አይደለም። መናኸሪያው ላይ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል አስቀመጣት፤ ወንበሩን በእጁ ጠረገላት፤ የታሸገ ውሃ ገዛላት። አምና ኩላሊቷን ሲያማት ባሕር ዳር ድረስ እየደገፈ ያመላለሳት እሱ ነው። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ስለተባለ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰኔ ነው፤ በቆሎው ጉልበት ደርሷል፤ ገበሬው በጭቃው ውስጥ ከበሬዎቹ ኋላ ጎንበስ ብሎ ይታያል። ደጀኔ ስለ ፈረስ ጉልበት፣ የአየር ግፊት ስለሚለካበት ባር፣ ትልቅ ታንከር ስላላቸው የባሕር ዳር ጋራዦች ሲያወራላት እሷ አዎን፣ አዎን ትላለች። ኬላው ላይ ሁሉም ወርዶ መታወቂያ እያሳየ ተፈተሸ። ተመልሰው ሲሳፈሩ ደጀኔ ክርኗን ይዞ ደገፋት። ታንጉት የያዛትን እጅ አየችው። የጣቶቹ አንጓ ላይ ቆዳው ተልጧል። ቀሪውን መንገድ መስኮት መስኮቱን ስታይ ሄደች።

የኑርሁሴን ሱቅ ቡሬ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ኑርሁሴን ከአባቱ ጀምሮ የማሽን ዕቃ የሚነግድ፣ ኃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ታንጉትን ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ደጀኔ ስለ ሦስት መቶ ሊትሩ ሲጠይቀው ዋጋ ከመናገሩ በፊት በምን መሣሪያ ነው የምትሠሩት አለው። ደጀኔ ዘረዘረ፤ ቀለም መርጫ፣ አቧራ መንፊያ፣ የብረት ማለስለሻ፣ ወደ ፊት ደግሞ የጎማ ብሎን መፍቻ። ስንቱን ባንድ ጊዜ ነው የምትይዙት? አንዱን። የቤታችሁ መብራት ትልቅ ማሽን የሚያነሣው ሦስት ፌዝ ነው? አይደለም፣ ተራ ነው። ኑርሁሴን ራሱን ነቀነቀና ወደ ታንጉት ዞረ።

«እናታችን፣ እርስዎ ገበሬ ነዎት፣ ይፍረዱኝ። ታንከር ማለት ጎተራ ነው፤ ሞተሩ ገበሬው ነው። በዓመት አምስት ኩንታል ለሚያመርት ገበሬ የኃምሳ ኩንታል ጎተራ ቢሠሩለት ምን ይረባዋል?»

ታንጉት ሳታስበው ሣቀች። ሰውየው ቀጠለ። መጀመሪያ በላተኛውን መሣሪያ ፈልጉ አለ። ከዘረዘርኸው ሁሉ አየር የሚበላው ማለስለሻው ነው፤ እሱ በደቂቃ የሚፈጀውን የሚያመርት ሞተር ካገኛችሁ ሌላው ሁሉ ይጠግባል። ታንከሩ መቶ ሊትር ይበቃል። ሦስት መቶውን የሚሞላ ሞተር የእናንተ መብራት አያነሣውም፤ ቢያነሣውም ሰፈሩን ያጨልመዋል። ከሁሉ በፊት ግን፣ ቀለም የሚረጭ ሰው ቤት ውሃ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ይቺን ጠርሙስ የመሰለች ዕቃ ሳትገዙ ብትሄዱ ማሽኑን ባትገዙ ይሻላችኋል፤ ቀለሙ ብጉር ያወጣባችኋል አለ። ያምሮት ማታ ያለችውን ቃል በቃል ነው የደገመው። ደጀኔ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ታንጉት አየች።

ኑርሁሴን ሁለት ማሽኖች አስነሣላቸው። አንደኛው በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ የሚዞር፣ ጭንቅላቱ ብረት የሆነ፣ ጠንካራ ነው፤ ሲነሣ መደርደሪያው ላይ ያለው ብሎን ሁሉ ተንጫጫ፣ ታንጉት እጇ በራሱ ወደ ደረቷ ሄደ። ሁለተኛው ሦስት ትንንሽ ሞተር አንድ ታንከር ላይ የተገጠመለት፣ ዘይት የማይጠይቅ ነው፤ ይህኛው እንደ ፍሪጅ አጉረመረመ እንጂ አልጮኸም። ኑርሁሴን ማሽኑ እየሠራ በተራ ድምፅ መናገር ቻለ። የመጀመሪያው ዕድሜው ይረዝማል፣ ሁለተኛው ጎረቤት አያስቀይምም፣ ለማለስለሻው ሁለቱም ይበቃሉ፣ ምርጫው የናንተ ነው አላቸው።

«ይኼኛውን ነው የምገዛው» አለች ታንጉት ዝም ያለውን እያሳየች።

ደጀኔ ይኼ መጫወቻ ነው፣ ወንድ የሚይዘው ዕቃ አይደለም አለ። ታንጉት ግን ማሽኑን እንጂ እሱን አላየችም።

«ቤት ውስጥ ሰው ሲጣራ የሚሰማበት ይሁን» አለች።

ኑርሁሴን የደጅ ደንበኛን ያለች መስሎት ፈገግ አለ። ደጀኔ ገብቶታል። ፊቱ ጠቆረ። ኑርሁሴን መንፊያውን ቱቦው ጫፍ ላይ ሰክቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አቧራ ነፋ፤ አቧራው ከነወረቀቱ በረረ። ከዚያ ለሚገዛው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ማስጠንቀቂያውን ተናገረ። ይኼን ነገር ሰው ላይ እንዳታዞሩት፤ አየር ነው ብላችሁ አትናቁት። አምና እዚሁ አገር አንድ ሠራተኛ ጓደኛውን ሊያስቅ ብሎ ጆሮው ላይ ነፋበት፤ የጆሮው ታምቡር ተቀደደ። ደሙ ትንሽ ናት፣ ጠብ ብላ ነው የምትቀረው፤ ነገር ግን ሰውየው ዓለም ዞረበት፣ ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚሄደው፣ በዚያ ጆሮው ቢጠሩት አይሰማም አለ።

ታንጉት ከወንበሩ ሳትነሣ ልጇን አየችው። ደጀኔ ዓይኑን ማሽኑ ላይ ወዳለው የግፊት መለኪያ ሰዓት አሸሸ። አምስት ዓመቱ ሳለ እንቁላል ሰብሮ ሲያዝ ያሳየው የነበረ ፊት ነው።  ጆሮው እንዲያ የሆነ ሰው ምን ያደርጉለታል ብላ ኑርሁሴንን ጠየቀች። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መውሰድ ነው አላት። ተነሣች።

«ዛሬ አልገዛም።»

«ምን አጎደልን እናታችን?»

«እርስዎ ምንም አላጎደሉም። የጎደለው በኛ ቤት ነው።»

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ደጀኔ ከኋላዋ ደረሰባትና ሰው ፊት ለምን አዋረድሽኝ አላት። ታንጉት ዞራ ቆመች። ጆሮዋን ምን አደረግሃት አለችው። መጀመሪያ ምንም አለ። ደግማ ስትጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

«ትንሽ ነው የነፋሁባት። አልሰማ ስላለች።»

ታንጉት በጥፊ መታችው። በዕድሜዋ ልጅ መታ አታውቅም፤ ክንዷ እንዴት እንደተነሣ ራሷም አላወቀችም። ደጀኔ አንድ አፍታ ደርቆ ቆመ። ከዚያ ያንገቷን ልብስ ጨምድዶ ያዛት፤ ገንዘቡን በቀሚሷ ውስጥ እንደቋጠረችው ያውቃል። አምጪው፣ የኔ ነው፣ እያለ ሲጎትት ቀሚሷ እስከ ደረቷ ተተረተረ። እጁን ነከሰችው። ገፈተራትና የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ በጀርባዋ ወደቀች፤ ጭቃው ውስጥ ሳለች ጎኗን በጫማው ረገጣት፤ ደገማት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። እናቱን፣ እናቱን መታ የሚል ድምፅ ከባጃጆቹ በኩል ተነሣ። ጫኞች፣ ሹፌሮች፣ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ሳትቀር እየሮጡ መጡ። አንዱ ከኋላ አነቀው፤ ሌላው በቀበቶው ብረት ፊቱን ገረፈው። ወድቆ ሳለ በርግጫ ወረዱበት። ታንጉት ከቦዩ ተነሥታ ተቀምጣ አየች። ከንፈሩ ሲሰነጠቅ፣ ጥርሱ ከምራቁ ጋር ጭቃው ላይ ሲወድቅ አየች። ማቆም ነበረባት፤ አፏ እሺ አላላትም። አንዱ ጫኝ ድንጋይ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ሲቀርብ ነው ድምፅ ያገኘችው፤ ይበቃል፣ ልጄ ነው አለች። ድንጋዩ ወደ ጎን ተወረወረ። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ደግፎ አነሣት፤ ፊቷን በጠርሙስ ውሃ አጠበላትና የእናቱን አጥንት የነካ እጅ እህል አይባረክለትም አላት።

«ሚስቱን ቢሆን ኖሮ የመታው ትነሡ ነበር?» አለችው።

ሽማግሌው የጠርሙሱን ክዳን ፈልጎ ዘጋ። እሱማ የቤት ጉዳይ ነው እናቴ አለ። ታንጉት የተቀደደ ቀሚሷን በነጠላዋ ሸፍና ለመነሣት የተቃረበ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ጎኗ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይወጋታል። ሰባት ወር ሙሉ እኔስ ምን ብዬ ነበር፣ ያንኑ አይደለም ወይ አለች በሆዷ፤ ረዳቱ ሒሳብ ሲላት ሁለት ጊዜ አልሰማችውም።

ቤት ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ያምሮት ግቢው ውስጥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ አንዱን የሆቴል በር በአሸዋ ወረቀት ትፈትጋለች። ቀለሙን ለመርጨት ቆማ መሄድ አልሆነላትም፤ ተቀምጣ የሚሠራውን ነው የያዘችው። ታንጉት ከኋላዋ ጠራቻት፤ አልዞረችም። ቀርባ ጠራቻት፤ አልሰማችም። ትከሻዋን ስትነካት ያምሮት ወረቀቱን ጥላ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ተኮራመተች።  እኔ ነኝ፣ ታንጉት ነኝ ብላ ጭቃው ላይ አጠገቧ ተንበረከከች።

ደግፋ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሟ ሰብለ የምትባል፣ ፊቷ ልጅ የመሰለ ሴት ነበረች። በመብራት የያምሮትን ጆሮ አየች። ታምቡሩ ክፉኛ ተቀድዷል፤ ውሃ እንዳይነካው፣ ባሕር ዳር ልዩ ሐኪም ይየው፤ በዚህ ጆሮ መስማቱ ይመለስ አይመለስ አሁን አላውቅም አለች። በምን እንደሆነ ስትጠይቅ ያምሮት ቱቦው አምልጦኝ ነው አለች። ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ ጠበቀች።

«አላመለጣትም» አለች ታንጉት። «ልጄ ነው የነፋባት። እኔ የወለድሁት ልጄ።»

ያምሮት ዞራ አየቻት። አስተያየቷ የምስጋና አልነበረም፤ የማያውቁት ሰው ሳይጠራ ቤታቸው ሲገባ እንደሚያዩት ያለ ነበር። ሐኪሟ ለፖሊስ የሚሰጠውን ወረቀት ጽፋ ማኅተም አስመታችበት። ወደ ጣቢያ ከመሄዳቸው በፊት የያምሮትን መታወቂያና ልብስ ለመውሰድ ቤት ጎራ አሉ። የግቢው በር ክፍት ነበር። ደጀኔ ከቡሬ ተከትሎ ደርሶ ወርክሾፑ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፤ ሸሚዙ ላይ ደሙ ደርቋል። ታንጉትን ቀና ብሎም አላያትም። ቀና ብሎ ያየው በያምሮት እጅ ያለውን ባለ ማኅተም ወረቀት ነው።

ተነሥቶ በሹሩባዋ ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። ታንጉት ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች፤ በክርኑ የተረገጠ ጎኗን ሲላት ትንፋሿ ተቆርጦ ወደቀች። የቆርቆሮው በር ተዘጋ፤ ከውስጥ በብረት ተሸጎረ። ወዲያው ኮምፕሬሰሩ ተነሣ። አጓራ፤ አጓራ። አልቆመም። ታንጉት እየዳኸች ደርሳ ቆርቆሮውን ደበደበች፤ የራሷን ጩኸት ራሷ አልሰማችውም። ከመንገዱ ማዶ ባምላኩ መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ የእህል መስፈሪያውን እንደያዘ ወደዚህ ያያል፤ አልተንቀሳቀሰም። ታንጉት ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። የመብራት ቆጣሪው በፊት ለፊት በረንዳ ላይ ነው። ሽፋኑን ገንጥላ ጣለችና ማጥፊያውን ወደ ታች መታችው።

ሞተሩ እየቃተተ ቆመ። ሰፈሩ ላይ ዝምታ ወደቀ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሥጋ ላይ ምት ድምፅ ተሰማ፤ ተከትሎ የያምሮት ጩኸት፤ ደግሞ ምት። ደጀኔም ዝምታውን ሳያውቀው የጀመረውን ስድብ እየጮኸ ጨረሰው፤ ቃሉ ሁሉ አንድ በአንድ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። መንገደኛው ቆመ። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ። ታንጉት በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ወደ ማዶ ተጣራች።

«ባምላኩ፣ አሁን ማሽን የለም። ትሰማለህ?»

ባምላኩ መስፈሪያውን ጣለው። የመጋዘኑን መዝጊያ ብረት ይዞ ሲሻገር ሌሎች አራት አምስት ሰዎች ተከተሉት። ቆርቆሮውን ከላይኛው ጥግ ገነጠሉት። ሲገቡ ግን ነገሩ ተገላብጦ ነበር። ያምሮት ቅንድቧ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኗን ሸፍኖታል፤ በሁለት እጇ ለበር ጉበን የተቆረጠ የብረት ቱቦ ይዛለች። ደጀኔ ታንከሩ ሥር ተቀምጦ ቀኝ ክንዱን አቅፏል፤ ክንዱ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ያምሮት ቱቦውን እንደገና አነሣች። ማንም አልያዛትም፤ ባምላኩ እንኳ መንገድ ለቀቀላት። ረጅም ጊዜ ቱቦውን ከፍ አድርጋ ቆመች። ከዚያ ወለሉ ላይ ለቀቀችውና ሰዎቹን በትከሻዋ እየገፋች ወጣች።

ፖሊሶች መጥተው ደጀኔን ሲወስዱት እማ ብሎ ጠራት። ደገመ። ታንጉት በሩን ይዛ ቆማ ነበር፤ ሰማችው፤ አልመለሰችለትም። ባምላኩ ራሱን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ሊላት ቀረበ። እሷ ግን ሂድ፣ እህልህን ዝናብ እንዳያገኘው አለችው።

የያምሮት ቅንድብ ተሰፍቶ ሲመለሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ቀስ እያለ ይመታል። ያምሮት ወደ ራሷ ክፍል መግባት ስላልፈለገች ታንጉት አልጋዋን ለቀቀችላት፤ ብርድ ልብሱን አለበሰቻት፤ ወንበር ስባ በቀኟ በኩል ተቀመጠች። ገንዘቡን ከብብቷ አውጥታ ትራሱ አጠገብ አስቀመጠችላት፤ ለባሕር ዳሩ ሕክምና ነው፣ የቀረው የፈለግሽውን ማሽን ግዢበት፣ ብትፈልጊ እዚህ፣ ብትፈልጊ ሌላ አገር አለቻት። ያምሮት ገንዘቡን አልነካችውም። 

«እማማ፣ እነዚያ ሳሎች» አለች ጣራውን እያየች። «እርስዎ ሁልጊዜ ይሰሙኝ ነበር ማለት ነው?»

ታንጉት መዋሸት ትችል ነበር። ጆሮዬ ከብዷል፣ ያኔ አንድ ቀን ብቻ ነው ልትል ትችል ነበር።

«ሁልጊዜ» አለች። «ከኅዳር ጀምሮ።»

ያምሮት ዞራ አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የተሰፋው ቅንድቧ እንዳይነካ እየተጠነቀቀች በቀኝ ጎኗ ተኛች፤ ደኅነኛውን ጆሮዋን ትራሱ ውስጥ ቀበረችው። ታንጉት ፊት ለፊት የተዘጉ ዓይኖቿንና ከላይ የቀረውን በፋሻ የታሸገ ጆሮዋን እያየች መናገር ጀመረች። ፈርቼ ነው አለች። ብቻዬን የምቀር መስሎኝ፣ ያለው ልጅ እሱ ብቻ ነው ብዬ፣ ነገ ይተወዋል ብዬ፤ የኔም ዘመን እንዲሁ ስላለፈ፣ የሴት ነገር እንዲህ ነው ብዬ። ይቅር በይኝ አለች። ሰባት ወር ያልተናገረችውን ሁሉ፣ ምንም ሳታስቀር፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ተናገረች። ያምሮት አንዱንም ቃል አልሰማችም።